የመከታ መንጋጋ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ጂን መኖሩን ሃይማኖቴ አስተምሮኛል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ሰው ላሙ ስትነጥፍ ጂን፣ ልጁ ፈተና ሲወድቅ ጂን፣ ባል አምሽቶ ሲገባ ጂን እያለ የራሱን ጥፋት በማይታይ ፍጥረት ላይ ሲለጥፍ ያናድደኛል። ወልድያ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሴትዮ የሙት መንፈስ ታሪክ ሲያወሩ እህቶቼ ተቃቅፈው ሲንቀጠቀጡ እኔ በመሃል እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ኋላም የተማርኩት የእንስሳት ሕክምና ነው፣ ላም ለምን እንደምትነፋ፣ ፍየል ለምን እንደምትጨነግፍ፣ ውሻ ለምን ወድቆ እንደሚንፈራገጥ ምክንያቱን በስሙ የሚጠራ ትምህርት። እና ይህን የምትነግራችሁ ሴት ፈሪ አይደለችም። ደግሞ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የመርሳ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ በሚከትበት ሰዓት።

ጦይባ እባላለሁ። መርሳ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለችኝ። ግማሹን ቀን መድኃኒት እሸጣለሁ፣ ግማሹን ቀን ቦርሳዬን አንግቤ በባጃጅም በእግሬም ወደ ገበሬው ቤት እወጣለሁ፣ እስከ ውርጌሳ፣ አንዳንዴም እስከ ሐራ።

ከይመር ጋር የተጣላነው በበሬ ነው። ይመር በውርጌሳ በኩል፣ ከመንገዱ በታች ወንዙ ዳር የብርቱካን እርሻ ያለው፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ገበሬ ነው። በሬው አባ ጎርባ በሚባለው የከብት በሽታ ተይዞ አንድ እግሩ ሲያብጥ ሁለት ቀን ሙሉ ብረት እያጋለ ሲተኩሰው ቆየና በሦስተኛው ቀን ጠራኝ። ስደርስ እግሩን በእጄ ጫን ሳደርገው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ አለቀለት ማለት ነው፣ ቢሆንም ወጋሁት፣ እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ሞተ። እሺ፣ ይህ የሙያችን ነገር ነው፣ ይደርሳል። ይመር ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከብት ተራው መሃል ቆሞ፣ እኔ እየሰማሁት፣ "በሬዬን የገደለችው ይቺ ናት፣ እጇ ነው፣ እጇ የነካው አይተርፍም፣ ድሮስ ሴት በሬ ታክማለች?" አለ። ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት እኔ በአጠገቧ ሳልፍ የፍየሏን ገመድ ወደ ኋላ ሳበች። ያቺን የገመድ መሳብ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው መድኃኒት ከእኔ ይገዛል፣ ለመውጋት ግን ሌላ ሰው ከወልድያ ያስመጣል። እኔም ማታ ጋደም ስል የማስበው ይመርን ነበር። ምን ባደርገው ደስ ይለኛል እያልኩ አስባለሁ፣ እየሳቅኩ እተኛለሁ። አትፍረዱብኝ፣ ወይም ፍረዱብኝ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት ቀበሌው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አዘጋጅቶ እኔ ነበርኩ የምወጋው። ይመር አልመጣም፣ እናቱ እማማ የሺ ግን ውሻቸውን በገመድ እየሳቡ መጡ። እማማ የሺ ሰባዎቹን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። ቀኑን ሙሉ እርሻው ውስጥ ተቀምጠው ብርቱካኑን ከጦጣ የሚጠብቁት እሳቸውና ያ ውሻ ነበሩ፣ መከታ ይባላል፣ ቡናማ፣ ደረተ ነጭ፣ ግራ ጆሮው ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጦጣ ነክሶት ነው አሉኝ። ወጋሁት፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ልብ በሉልኝ፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን በገዛ እጄ ሰጥቼዋለሁ።

ቀጥሎ በመጣው በልግ በወረዳችን በሀብሩ ገጠር ውሻ መውደቅ ጀመረ። እኛ ዲስቴምፐር የምንለው በሽታ ነው፣ ቫይረስ ነው፣ መጀመሪያ ዓይንና አፍንጫው መግል ይይዛል፣ ያስላል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ የመዳፉ ሥር እንደ ጎማ ይደርቃል፣ ከዚያ ዳነ ሲባል ከሳምንታት በኋላ ቫይረሱ አንጎል ይገባና ውሻው ወድቆ ይንፈራገጣል። ምልክቱ መንጋጋው ነው፣ ማስቲካ እንደሚያኝክ ሰው አፉን ያንቀጫቅጨዋል፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ አረፋ ይደፍቃል። ገበሬው ይህን ሲያይ "አበደ" ይላል፣ ዱላ ያነሳል። በእርግጥ በዓይን ብቻ አይቶ እብደት አይደለም ብሎ የሚምል ባለሙያ የለም፣ ለዚህ ነው ማንም ምራቁን እንዳይነካ፣ ለብቻው እንዲዘጋ፣ እንዲጠበቅ የምናዘው። ግን የተከተበ ውሻ፣ ቀድሞ ያሳለና ዓይኑ መግል የያዘ ከሆነ፣ ወዴት ማዘንበል እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ይመር የደወለው አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው።

"ጦይባ እህቴ፣ ይመር ነኝ" አለ። "መከታ ወድቆብናል። ዛሬ ሦስተኛ ጊዜው ነው። መንጋጋው ይንቀጫቀጫል። ሰሞኑን ያስለው ነበር። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው፣ እባክሽ ድረሽልን።"

እኔ ደግሞ ዕድሜውን አክብሬ ሁልጊዜ አንቱ የምለውን ሰው ያን ቀን አንተ አልኩት። "አልሰማሁህም፣ ድገመው" አልኩት። ደገመው። "ማንን ነው የፈለግከው?" አልኩት። "አንቺን፣ እህቴ፣ ያለ አንቺ ማንም የለን፣ ያለፈውን ተይው፣ አፉ በይኝ" አለ። አፉ በይኝ ሲል፣ ወላሂ፣ ማር የላስኩ ያህል ነው የጣፈጠኝ። ደብተሬ ፊቴ ነው፣ የመከታ ስም አለበት። መድኃኒቱ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነው። ባጃጅ በር ላይ ቆሟል።

"አብዷል" አልኩት። "ሰው ሳይነክስ ግደሉት።" ስልኩን ዘጋሁት።

ጎረቤቶቹን ጠርቶ በድንጋይና በዱላ ገደሉት። እየተንፈራገጠ ሳለ ነው የመቱት፣ መሸሽ እንኳን አልቻለም፣ ቶሎም አልሞተም አሉ። ይህን የሰማሁት በማግስቱ ነው፣ ከደንበኞች። አላዘንኩም። ሻይ ጠጣሁ፣ ስኳሩን ትንሽ አበዛሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እማማ የሺ ሱቄ መጡ። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ይተራመሳል። በሩ ላይ ቆመው ሰው እስኪወጣ ጠበቁና ገቡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ ልጄ" አሉ። "ያን ቀን መጥተሽ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?"

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፣ ይህን አልጠበቅኩም። ምን ልበላችሁ፣ የሙያ ጥያቄ ስጠየቅ አፌ ራሱ ይሄዳል።

"መጀመሪያ ክፍሉን አጨልማለሁ" አልኳቸው። "ብርሃንና ጫጫታ ይቀሰቅሰዋል። ራሱን የሚመታበትን ነገር ሁሉ ከአጠገቡ አነሳለሁ። እጄን ወደ አፉ አልሰድም፣ ምላሱን አይውጥም፣ ይህ የሰው ወሬ ነው፣ ሳያውቀው ግን ይነክሳል። ውሃም ወተትም ሎሚም አፉ ውስጥ አልጨምርም፣ ያንቀዋል። ጓንት አጠልቃለሁ። ከዚያ እቆጥራለሁ።"

"ምኑን?"

"ጊዜውን። ከጀመረበት እስኪተወው። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ከሆነ ዝም ብሎ ይጠበቃል። አምስት ካለፈ ሰውነቱ እንደ እሳት ይግላል፣ አንጎሉ ይጎዳል፣ ያኔ በመቀመጫው በኩል ማስታገሻ እሰጠዋለሁ፣ ገላውን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቅዘዋለሁ። ሲነቃ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ አያይም፣ ሰው አይለይም፣ ማንም ሳይጠጋው ይተኛል።"

"ይድን ነበር?"

"እንጃ። ብዙዎቹ አይድኑም። የሚድኑ ግን አሉ።"

እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ደገሙት። "ማጨለም። ዕቃውን ማንሳት። አፉን አለመንካት። መቁጠር። እርጥብ ጨርቅ።" ትምህርት እንደሚያጠና ሰው ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር" አሉ። ጥያቄ አይደለም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ድምፁን የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ፣ ቀትር ላይ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ከማቀዝቀዣው ኋላ የሚመጣ ይመስላል። ማቀዝቀዣውን ጎትቼ አየሁ፣ ምንም የለም። ነቀልኩት፣ ድምፁ አልቆመም። አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አኖርኩ። ቀጥሎ ቤቴም መጣ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ባለቤቴ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቆሞ፣ "ጥርስሽን ምን ያንቀጫቅጨዋል?" አለኝ። "እኔ?" አልኩት። "አንቺ ነሻ፣ ስንት ቀንሽ ነው፣ ዝም ብዬሽ ነው እንጂ።" መንጋጋዬን በእጄ ያዝኩት፣ እውነትም ደክሞኛል፣ እንደ ታመመ ጥርስ ይጠዘጥዘኛል። ድካም ነው አልኩ። እስከዚህ ድረስ ያለው ድካም ሊሆን ይችላል፣ አልከራከራችሁም።

አንድ ማክሰኞ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። የወንድ ይሁን የሴት ያልለየሁት ሻካራ ድምፅ፣ "ውሻ ወድቋል። ድረሺ" አለና ቦታውን ነገረኝ፣ ከውርጌሳ ሳይደረስ፣ ከመንገዱ በታች፣ ወንዙ ዳር ከብርቱካን እርሻው ጥግ ያለው ቆርቆሮ ቤት። የይመር እርሻ በዚያ በኩል መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን በዚያ ዳር እርሻ ያለው ብዙ ሰው ነው፣ ደግሞ የእማማ የሺ ነገር ውስጤ ስለቀረ ለውሻ የሚጠራኝን ሰው እምቢ ላለማለት ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ባጃጁ መንገዱ ላይ አውርዶኝ ወደ ውርጌሳ አለፈ። በእግሬ ወረድኩ። ከወንዙ የልብስ አጣቢ ድምፅ እንኳን አይሰማም፣ ጦጣዎቹ ዛፍ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ብርቱካኑን ግን አይነኩም፣ ወደ ቤቱ ነው የሚያዩት።

በሩ ገርበብ ብሏል። መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል፣ በበሩ ከሚገባው ብርሃን በቀር ውስጡ ጨለማ ነው፣ ወለሉ ላይ አንድም ዕቃ የለም፣ ተጠርጎ ጸድቷል። ግድግዳው ሥር በሳህን እርጥብ ጨርቅ ተዘጋጅቷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ፣ ይህን ያዘጋጀው ሰው የሚያውቅ ነው አልኩ። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ነጠላ እስከ ዓይኗ ተከናንባ መሬት ላይ ተቀምጣለች። በመሃል ውሻው በጎኑ ወድቆ እግሮቹ ይቀዝፋሉ፣ መንጋጋው ይንቀጫቀጫል።

"እንደምን ዋላችሁ። ከጀመረው ስንት ደቂቃ ሆነው?" አልኩ።

"ቁጠሪ" አለች ሴትየዋ።

ጓንቴን አጠለቅኩ፣ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተወው። "ጥሩ ነው፣ አሁን ይተኛ፣ ማንም አይንካው፣ እኔ መድኃኒት ጽፌ..." እያልኩ ተነሳሁ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። እንደገና። ተመልሼ ተንበረከኩ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ተወው። ትንሽ ቆይቼ ቦርሳዬን ይዤ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ ጀመረው። ማስታገሻውን ሰጠሁት፣ ጸጥ አለ፣ ተነሳሁ፣ ጀመረው። የቀረኝን ሁሉ ሰጠሁት፣ አራት ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት፣ ትልቅ ውሻ እስከ ማታ የሚያስተኛ። ስቀመጥ ይተኛል። ስነሳ ይጀምራል።

አጋጣሚ ነው ትሉኛላችሁ፣ እኔም ብያለሁ። ስለዚህ ሞከርኩት። አንድ ጉልበቴን ብቻ ከመሬት አነሳሁ፣ መንጋጋው ተንቀሳቀሰ። መለስኩት፣ ቆመ። አነሳሁ፣ ተንቀሳቀሰ። መለስኩ፣ ቆመ። እመኑኝ፣ አምስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሴትየዋን አየኋት፣ እሷም እኔን ታያለች።

ያን ያህል ጊዜ የተንፈራገጠ ውሻ ገላው ሊያቃጥል ይገባል። በጓንቱ በኩል ግን ሙቀት አልተሰማኝም። ቴርሞሜትሬን አገባሁ፣ ጮኸ፣ ሳየው ቁጥር አልሰጠኝም፣ ከመለኪያው በታች ሲሆን የሚያሳየውን ምልክት ነው የሰጠኝ። አላመንኩትም። የአንድ እጄን ጓንት አወለቅኩ፣ ይህን ማድረግ እንደማይገባ ገበሬውን ሳስጠነቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ግን አወለቅኩና አንገቱን ነካሁት። እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። እጄን ወደ ራሱ ወሰድኩ። ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ሰርጎዷል፣ ጫን ሳደርገው እንደ ተሰነጠቀ ቅል ከጣቴ በታች ተንቀሳቀሰ። ደም የለም። ጆሮውን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ ጫፉ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል።

"መከታ" አልኩ።

ከመንፈራገጥ የነቃ ውሻ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ ይባዝናል፣ አያይም፣ ነግሬያችኋለሁ። እሱ ግን ዓይኑን ከፍቶ ቀጥ አድርጎ አየኝ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ማልቀስ ጀመርኩ። "አፉ በሉኝ" አልኩ፣ ለሱም ለሷም። "አውቄ ነው ያደረግኩት። እንደተከተበ አውቅ ነበር። ደብተሩ ፊቴ ነበር። ይመርን ለማቃጠል ነው።" ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለባለቤቴም። ተናግሬ ስጨርስ ቀለለኝ፣ አበቃ አልኩ፣ ይቅር ተባልኩ አልኩ።

መከታ ጀመረው።

"ቁጠሪ" አለች ሴትየዋ።

ቆጠርኩ። ጉልበቴ ደነዘዘ፣ ላብ ዓይኔ ገባ፣ ውሃ ጠማኝ፣ አልሰጠችኝም። ምራቁ እጄ ላይ ይረጫል። አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀ፣ አሥራ አንዱንም ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከመርሳ በኩል፣ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ሴትየዋ ተነሳች፣ በአጠገቤ አለፈች፣ ወጣች። መከታ ዝም አለ። ቀስ ብዬ ተነሳሁ፣ አልጀመረም። ቦርሳዬን ጨብጬ ወጣሁ፣ ወደ ኋላዬ አላየሁም። ሴትየዋ ደጅ የለችም፣ ጦጣዎቹም የሉም።

መንገዱ ዳር ስደርስ ይመር ዶማ ተሸክሞ ሲመጣ አገኘኝ። ከስልኩ በኋላ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። ፊቴን አይቶ ቆመ።

"ከየት ነው የምትመጪው?"

"ጋሽ ይመር፣ ያ ቆርቆሮ ቤት የማን ነው?"

"የኛ ነው። ሽንኩርት እናስቀምጥበት ነበር። አሁን ማንም አይገባበትም።"

"ለምን?"

ዶማውን ከትከሻው አወረደ። "መከታን የገደልነው እዚያ ነው" አለ። "እናቴ ከዚያ ወዲህ አይከፈት ብላለች።"

አብሮኝ እንዲወርድ ለመንኩት። ወደ ቤቱ አየ፣ እጄን አየ፣ እጄ እስከ አንጓዬ ርሷል። "እኔ አልወርድም" አለ። "አንቺም ታጠቢ።" ሄደ።

በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ታጠብኩ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ስታጠብ ነው አመልካች ጣቴ ላይ የነበረችውን ጭረት ያየኋት፣ ጠዋት ቆርቆሮ ጭሮኝ ነበር፣ ምራቁ ገብቶባታል። በማግስቱ ወልድያ ሆስፒታል ሄድኩ። የመዘገበችኝ ነርስ ወጣት ናት፣ ሥራዋን በደንብ የምትሠራ።

"ውሻው የታወቀ ነው?" አለችኝ።

"ነው።"

"ተይዟል? አሥር ቀን መጠበቅ አለበት፣ ካልሞተ ጥሩ ነው።"

"አልተያዘም።"

"በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?"

ጣቴ ላይ ያለችውን ጭረት አየሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ስንት ሰው ጠይቄያለሁ፣ ከዚህ የሚቀል ጥያቄ የለም። "አላውቅም" አልኳት። እሷም የማይታወቅ ብላ ጻፈችና መርፌዎቹን አስጀመረችኝ። ሁሉንም በቀናቸው ጨረስኩ።

ቁጥሩንም ደወልኩበት፣ አገልግሎት ላይ አልዋለም ይላል።

መርፌውን ስጨርስ እማማ የሺ ዘንድ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ አፉ በሉኝ አልኳቸው፣ ስለ ደብተሩም ነገርኳቸው። ምስሩን መልቀም አልተዉም።

"ያን ማክሰኞ፣ ቤቱ ውስጥ የነበሩት አንቱ ነዎት?" አልኳቸው።

"ያን ሳምንት ሴት ልጄ ዘንድ ወልድያ ነበርኩ" አሉ። "ይመርን ጠይቂው።" ኋላ ጠይቄዋለሁ፣ እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ "ስንት ቆጠርሽ?" አሉኝ።

ስለ መቁጠሩ አልነገርኳቸውም ነበር። ወላሂ አልነገርኳቸውም።

"አሥራ አንድ" አልኩ።

"እኔ ያን ቀን አጠገቡ ተቀምጬ የቆጠርኩት አሥራ ሁለት ነው" አሉ። "አሥራ ሁለተኛው ላይ ሳለ ነው የመቱት።" ይቅር ብዬሻለሁም፣ አላልኩሽምም አላሉኝም። ምስሩን ወደ ሰፌዱ ጫፍ ሰብስበው ይዘው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በሌላ መንገድ ነው የምሠራው። የዲስቴምፐር ክትባት ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን አስመጣለሁ፣ ሁለት ወር የሞላው ቡችላ ያለውን ሰው ሁሉ እየዞርኩ እለምናለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፣ በየአራት ሳምንቱ እስከ አራት ወር ድረስ ይደገማል፣ የታመመ ውሻ የበላበትን ሳህን በበረኪና እጠቡ፣ አዲስ ውሻ ስታመጡ ከነባሩ ለዩት እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እናገራለሁ። ሰው ጦይባ ደግ ሆነች ይላል። ደግነት አይደለም። መንጋጋዬም እንደ ድሮው ባይሆንም ቀትር ላይ አሁንም አልፎ አልፎ ይጠዘጥዘኛል።

ባለፈው ወር ሱቄ በር ላይ ይመር ቆመ። ከካቦርቱ ሥር ቡችላ አወጣ፣ ጥቁር፣ ሁለት ወር ያልዘለለ፣ ጤነኛ። "እናቴ ወደ ጦይባ ውሰደው አለችኝ" አለ። ደስ አለኝ፣ እርቅ ነው ብዬ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ልቡን አዳመጥኩ፣ ዓይኑን አየሁ፣ ከአንገቱ በስተኋላ ወጋሁት። ድምፅ እንኳን አላሰማም። የክትባት ካርድ አወጣሁና የባለቤቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀለሙን ጻፍኩ።

"ስሙን ማን ልበል?" አልኩ።

ይመር ወደ መንገዱ ዞሮ ነበር። አገራችን ውስጥ ሰው ለጠላቱ በአፉ የማይናገረውን በውሻው ስም እንደሚናገር ታውቃላችሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ለዚህ ይሆናል ሊያየኝ ያልፈለገው።

"አይቀርም" አለ።

"ምኑ?"

"ስሙ ነው። እናቴ ናት ያወጣችለት።"

ካርዱ ላይ ጻፍኩት፣ አይቀርም ብዬ፣ ያልቆጠርኩት አሥራ ሁለተኛው ትዝ እያለኝ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ለሁለተኛው ክትባት መልሰው ያምጡት አልኩት። ይመር ካርዱን ኪሱ ከተተና ወጣ። ቡችላውን መሬት አወረድኩት። እሱ ግን አልተከተለውም፣ ከእግሬ ፊት ቁጭ ብሎ ቀና አለ።

"አይቀርም፣ ና" አለ ይመር ከውጭ።

ቡችላው ለመሄድ አልቸኮለም።